ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የልብ ቀዶ ሕክምና ረጅም ጉዞ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። ከፋሺስት ጣሊያን ወረራ በኋላ በውጭ አገር በቀዶ ሕክምና የስፔሻሊስትነት ደረጃ ላይ ደርሰው ወደ አገራቸው በመመለስ ያገለገሉ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው የሚነገርላቸው ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የሕክምና ትምህርት ካቋቋሙትና በዲንነት ከመሩት ምሁራን ተርታም ይመደባሉ። ዕድሜያቸውን የሌሎችን ሕይወት በማትረፍ ያሳለፉት እኚህ ሐኪም በመጨረሻ ራሳቸው በልብ ሕመም ተይዘው፣ በወቅቱ በአገር ውስጥ ያልተሟላውን ሕክምና ፍለጋ ባሕር ተሻግረው፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በሰው አገር አርፈዋል።

የእርሳቸው የሕይወት ዘመን የልብ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ ከተወለደበትና ካደገበት ዘመን ጋር ይገጥማል። በተለይም ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ የሚከሰተውን የልብ ግድግዳ እብጠት በቀዶ ሕክምና የመጠገን ጥበብ እርሳቸው ተማሪ በነበሩበትና ሥራ በጀመሩበት ዘመን የተፈጠረ ነው። የሁለቱን ጉዞ ጎን ለጎን መመልከት፣ አንድ አገር የተጎዳን ልብ መጠገን የምትችልበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ምን ያህል ሰውና ተቋም እንደሚያስፈልጋት ያሳያል።

አሥራት ወልደየስ በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ጊዜያቸውን ያሳለፉት በድሬዳዋ ሲሆን፣ ገና በለጋ ዕድሜያቸው የወረራውን መከራ ቀምሰዋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ የፋሺስት ጦር በንጹሐን ላይ በወሰደው የበቀል እርምጃ አባታቸው ተገድለዋል። ያ የበቀል ዘመን ከሌሎች ጥፋቶቹ ሁሉ በተጨማሪ፣ አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያፈራቻቸውን የተማሩ ወጣቶች ያሳጣ በመሆኑ፣ ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ሥራን፣ ትምህርትንና ሕክምናን እንደገና ከሥሩ መጀመር ግድ ሆኖ ነበር።

ነፃነት ሲመለስ ወጣቱ አሥራት ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። በትምህርታቸው ባሳዩት ብልጫም ለከፍተኛ ትምህርት ከተመረጡት ወጣቶች አንዱ በመሆን በግብፅ እስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተላኩ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት በመከታተል እ.ኤ.አ. በ1956 ተመረቁ። ኤደንብራ በቀዶ ሕክምና ትምህርት በዓለም ከታወቁት ጥንታዊ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የከተማይቱ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የሚሰጠው የአባልነት ማዕረግ ዛሬም ድረስ ከፍተኛ ግምት ይሰጠዋል።

አሥራት በኤደንብራ የሕክምና ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ደረትን ከፍቶ በልብ ውስጥ መሥራት በአብዛኛው የማይሞከር ነገር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልብ ሥራውን ለጥቂት ደቂቃ ካቆመ አንጎል ይጎዳል፤ ሥራውን ካላቆመ ደግሞ በደም በተሞላና በሚንቀሳቀስ አካል ውስጥ ገብቶ መስፋት አይቻልም። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ከተማ ይሠራ የነበረው ዶክተር ጆን ጊበን ነው። ጊበን ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ሆኖ ለሃያ ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ፣ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው ተክቶ ደምን የሚያጠራና የሚያዘዋውር መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 በአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ላይ በተሳካ ሁኔታ ተጠቀመበት። ወጣቷ ከተፈጥሮ በልቧ ክፍሎች መካከል የነበረው ቀዳዳ ተደፍኖላት ድናለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልብን ከፍቶ መሥራት የሚቻል ነገር ሆነ።

የዚህ መሣሪያ መገኘት በር ከከፈተላቸው ሕክምናዎች አንዱ በሕክምና ቋንቋ አኒዩሪዝም የሚባለውን የልብ ግድግዳ እብጠት መጠገን ነው። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው፣ ልብን ራሱን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዱ በረጋ ደም በድንገት ሲዘጋ ነው። በዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የልብ ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ሕመምተኛው ከዚህ አደጋ በሕይወት ቢተርፍም፣ የሞተው ጡንቻ በሚቀጥሉት ሳምንታት በጠባሳ ይተካል። ጠባሳ እንደ ጡንቻ አይኮማተርም። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጠባሳው እየሳሳ፣ ከውስጥ በሚመጣው የደም ግፊት እየተለጠጠ፣ ወደ ውጭ እንደ ከረጢት ያብጣል። ይህ የሚደርሰው በአብዛኛው ደምን ወደ መላ ሰውነት በሚገፋው በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ላይ ነው።

እብጠቱ የሚያስከትለው ችግር ብዙ ነው። ጤናማው የልብ ክፍል ደምን ለመግፋት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ያበጠው ክፍል ወደ ውጭ ስለሚነፋ፣ ወደ ሰውነት መሄድ ከሚገባው ደም ከፊሉ በከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ልብ ይህን ለማካካስ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይደክማል፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩ ያብጣል። በከረጢቱ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ደም ሊረጋና ቁራጩ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በጠባሳውና በጤናማው ጡንቻ ድንበር ላይ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ምት መዛባት ይነሳል። ሐሰተኛ አኒዩሪዝም የሚባለው ዓይነት ከሁሉም የከፋ ነው። በእርሱ የልብ ግድግዳ በእርግጥ ተቀዶ፣ ደሙን የያዘው የልብ ውጫዊ ሽፋን ብቻ በመሆኑ፣ በማናቸውም ጊዜ ሊፈነዳ ስለሚችል አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት የተደረገው ጥረት ደረጃ በደረጃ የተጓዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካዊው ዶክተር ክላውድ ቤክ ከሕመምተኛው ጭን በተወሰደ ጠንካራ ሽፋን እብጠቱን ከውጭ በመሸፈን ለማጠናከር ሞከረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ቻርልስ ቤይሊ ልብ እየመታ እያለ እብጠቱን ከሥሩ በመቆንጠጫ ይዞ ቆርጦ መስፋትን አሳየ። ይህ ዘዴ ግን በከረጢቱ ውስጥ ያለውን የረጋ ደም አይቶ ለማውጣት ስለማያስችል አደገኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ዶክተር ዴንተን ኩሊ በቴክሳስ ሂውስተን ከተማ፣ ልብንና ሳንባን የሚተካውን መሣሪያ በመጠቀም እብጠቱን ከፍቶ፣ የረጋውን ደም አጽድቶ፣ የማይሠራውን ጠባሳ ቆርጦ በማውጣት የቀረውን ግድግዳ ሰፋ። የዛሬው ሕክምና መሠረት የተጣለው በዚህ ሥራ ነው።

በዚያን ጊዜ አሥራት ወልደየስ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ሆስፒታሉ በነርስነት ሠልጥነው በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ላረፉት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ መታሰቢያ የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ለመሆን የበቃው ነው። በአዲስ አበባ በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች ቢኖሩም፣ በቀዶ ሕክምናው ዘርፍ የሚሠሩት ባለሙያዎች የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። ወጣቱ ሐኪም ለተወሰኑ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ እንደገና ወደ ኤደንብራ ሄደው በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ በማድረግ የሮያል ኮሌጁ አባል ሆኑ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማዕረግ የያዘ ሐኪም በማንኛውም የበለጸገ አገር ተቀጥሮ ተደላድሎ መኖር ይችል ነበር። እርሳቸው ግን አገራቸውን መረጡ።

የሂውስተንና የአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ልዩነት በአንድ ሐኪም ዕውቀት ብቻ የሚለካ አልነበረም። የልብ ቀዶ ሕክምና እንዲካሄድ የደም ባንክ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ቴክኒሺያን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው አልጋ የማትርቅ የሠለጠነች ነርስ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ በአገር ውስጥ ሐኪሞችን የሚያፈራ ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር።

ይህ ዓላማ በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት መልክ ያዘ። ፕሮፌሰር አሥራት ከፋኩልቲው መሥራቾች አንዱ በመሆን ቀዶ ሕክምናን ከማስተማራቸውም በላይ በዲንነት መርተውታል። የፋኩልቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል የሐረር መስፍን ለነበሩት ለልዑል መኰንን መታሰቢያነት የተሠራውና በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው ሆስፒታል ሆነ። ተማሪዎች ቀድሞ ወደ ውጭ አገር ሄደው ይማሩት የነበረውን ሙያ በአገራቸው ሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ቆመው፣ በአገራቸው ባሕልና በሽታ ላይ ተመሥርተው ለመማር በቁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቀዶ ሕክምናና በሌሎች ዘርፎች የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ሲጀመር ደግሞ ስፔሻሊስቶችም በአገር ውስጥ መመረቅ ጀመሩ። ዛሬ በየክልሉ ሆስፒታሎች የሚገኙት የቀዶ ሐኪሞች የሙያ የዘር ሐረግ ሲቆጠር በአብዛኛው ወደዚያው የጥቁር አንበሳ ክፍል ይመለሳል።

ፕሮፌሰር አሥራት ከማስተማር ሥራቸው ጎን ለጎን ከንጉሠ ነገሥቱ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዜና ዕረፍት በተነገረ ጊዜ ደርግ ለሞታቸው የሰጠው ምክንያት ከቀደመ ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ ይህን ምክንያት እንዳልተቀበሉት በታሪክ ተመዝግቧል። ለአንድ የመንግሥት ተቀጣሪ በዚያ አስፈሪ ወቅት የሙያ ምስክርነትን ከሥልጣን ፍላጎት ለይቶ መያዝ ቀላል አልነበረም። ይህ አቋማቸው በኋለኛው ዘመን ለሚከተሉት መንገድም ፍንጭ የሰጠ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ፕሮፌሰር አሥራት የዩኒቨርሲቲው ተወካይ በመሆን በሰኔ ወር በተካሄደው ጉባኤ ላይ ተገኝተው በቀረበው ቻርተርና በኤርትራ መገንጠል ላይ ተቃውሟቸውን አሰሙ። በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ሲመሠረት ሊቀመንበር ሆኑ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበቱት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ነበሩ። የፖለቲካውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች ብንተወው እንኳን፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ በዚያ ውሳኔ ብዙ ዓመት የካበተ ልምድ ያለውን መምህር ማጣቱ አይካድም። አንድ ቀዶ ሐኪም ለማፍራት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የሌሎች ቀዶ ሐኪሞች መምህር የሚሆነውን ለማፍራት ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

በሰኔ 1986 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ተጨማሪ ፍርድም ተከተለ። በእስር ላይ በነበሩባቸው ከአራት ዓመት በላይ በሆኑ ጊዜያት የስኳርና የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ነበር። ጤንነታቸው እያሽቆለቆለ በመሄዱ እርሳቸው ራሳቸው ትውልድ ባስተማሩበት ሆስፒታል በሕመምተኛነት ተኙ። የሚከታተሏቸው ሐኪሞች ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የእርሳቸው ተማሪዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገር ውስጥ ሊደረግላቸው ከሚችለው በላይ የሆነ ሕክምና ማስፈለጉ ሲታወቅም በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ከእስር ተለቀው ወደ ውጭ አገር ተጓዙ።

የሄዱባቸው ሁለት የአሜሪካ ከተሞች በልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላቸው ናቸው። በመጀመሪያ ሕክምና የተደረገላቸው ኩሊ ከአርባ ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የልብ እብጠት በመሣሪያ እገዛ በጠገነባት ሂውስተን ነበር። ያረፉት ደግሞ የጊበን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ በሠራባት ፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በርካታ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ ተቀብሯል። ሕክምናው በዘገየበት በዚያ ደረጃ ላይ በዓለም የታወቁ ሆስፒታሎች እንኳን ሊያድኗቸው አልቻሉም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የልብ ግድግዳ እብጠት ጥገና ዕውቀት እየበሰለ መጥቷል። ቀደም ሲል ጠባሳው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የግድግዳው ሁለት ጠርዞች በቀጥታ መስመር ይሰፉ ስለነበር የልብ ቅርጽ ይዛባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብራዚላዊው አዲብ ጃቴኔና ፈረንሳዊው ቬንሳን ዶር፣ በጠባሳውና በጤናማው ጡንቻ ድንበር ላይ ዙሪያውን ስፌት በማድረግ ክፍተቱን ማጥበብን አስተዋወቁ፤ የዶር ዘዴ የቀረውን ክፍተት ከውስጥ በጨርቅ መሰል ማጣፊያ ይደፍነዋል። በዚህ ዘዴ ልብ ወደ ተፈጥሯዊ ሞላላ ቅርጹ ይበልጥ ይቀርባል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀዶ ሕክምና የተዘጉት የልብ የደም ሥሮች ከእግር ወይም ከደረት በተወሰደ ሥር መተላለፊያ ይሠራላቸዋል።

ይሁንና ሕክምናው ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታወቀውና 1 ሺህ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ልባቸው በደከመ ሕመምተኞች ላይ ከደም ሥር መተላለፊያው ጋር የልብን ግድግዳ ቅርጽ ማስተካከል የልብን መጠን ቢቀንስም፣ ሞትንና ወደ ሆስፒታል መመለስን እንዳልቀነሰ አመልክቷል። በመሆኑም ቀዶ ሕክምናው የሚመከረው እብጠቱ ትልቅ ሆኖ የልብ ድካም፣ በመድኃኒት የማይገታ የምት መዛባት ወይም የረጋ ደም መበተን ላስከተለባቸው፣ እንዲሁም ሐሰተኛ አኒዩሪዝም ለተገኘባቸው ነው። እብጠት ኖሮባቸው ምንም ችግር የማይሰማቸው በመድኃኒትና በክትትል ይቆያሉ።

በአገራችንም ፕሮፌሰር አሥራት ባረፉ በአሥረኛው ዓመት አንድ ትልቅ እርምጃ ተወስዷል። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ባደረገው ጥረት፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ማዕከሉ በአመዛኙ በተፈጥሮ የልብ ችግርና በጉሮሮ ሕመም ሳቢያ በሚመጣ የልብ በሽታ የሚሠቃዩ ሕፃናትን የሚያክም ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከውጭ በሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ይታገዝ የነበረው ሥራ እያደር በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ ገብቷል። ልብን ከፍቶ መሥራት በአገር ውስጥ የተቻለው፣ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ በተከፈተው ፋኩልቲ የተጀመረው ሥልጠና ሰው ስላፈራ ነው። የዐዋቂዎችን የልብ የደም ሥር ሕመምና ተከታይ ጉዳቶቹን በቀዶ ሕክምና የማከሙ ሥራ ግን ገና ብዙ ባለሙያና መሣሪያ ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ መታወስ ያለበት፣ የልብ ግድግዳ እብጠት በአብዛኛው ሕክምና ዘግይቶ የደረሰበት ሃርት አታክ ውጤት መሆኑ ነው። የተዘጋው የደም ሥር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመድኃኒት ወይም በቀጭን ቱቦ ከተከፈተ አብዛኛው ጡንቻ ይተርፋል፤ እብጠትም አይፈጠርም። በከተማችን ምሥራቃዊ ጫፍ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማለዳ ላይ ደረቱን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ቢሰማው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ቢዛመት፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ነገሩን ለጨጓራ ሰጥቶ ወደ ቢሮ ቢሄድ የሚያጣው ጊዜ ሳይሆን የልቡን ጡንቻ ነው። ከየካ አባዶ እስከ መሐል ከተማ ያለው መንገድ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ነዋሪው ያውቀዋል። በመሆኑም ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄዶ የልብ ምርመራ ማድረግ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በአምቡላንስ የልብ ሕክምና ወደሚሰጥበት ተቋም መዛወር ይገባል። የደም ግፊትንና ስኳርን በየጊዜው መለካት፣ የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ሲጋራ መተውና ሰውነትን ማንቀሳቀስም በቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሠራተኛ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ይታወሳል። በዚያ የሚማሩት ወጣቶች የእርሳቸውን እጅ አላዩም፤ ነገር ግን እርሳቸው ያስጀመሩትን በአገር የመማር ዕድል ወርሰዋል። ለመንግሥት ሠራተኛና ለኃላፊም ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ተቋም ለመገንባት የሰው ዕድሜ ይጠይቃል፤ የተገነባውንና በውስጡ ያለውን ባለሙያ ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ሁልጊዜ የሚታሰብበት ሥራ ነው። ዛሬ ላለመሥራት የተወሰነ ሥልጠናና ሳይገዛ የተተወ መሣሪያ ዋጋው የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሕመምተኛ በደረሰ ጊዜ ነው። ያ ሕመምተኛ መምህሩ ራሱ ሊሆን እንደሚችል የፕሮፌሰር አሥራት ታሪክ ያሳያል።